ጋሽ ወርቁን መታወቂያ የጠየቅኩ ቀን

ባለፈው አርብ ከሰዓት... ላስ ቬጋስ፣ ቻይናታውን ሰፈር በምሠራባት የፖስታና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ፣ ጋሽ ወርቁ ፌስታል ውስጥ ወረቀት ይዘው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ።

በዲቪ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ በለጡ አራት ወር አኖሩኝ። እኔ ከእትዬ ጋር አልጋ ላይ፣ እሳቸው ሶፋ ላይ።

ኖተሪ፣ ማለትም ሰው ፊቴ ሲፈርም አይቼ ፊርማውን የማረጋግጥ፣ ከሆንኩ ደግሞ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ኮርሱን ወሰድኩ፣ ፈተናውን አለፍኩ፣ የዋስትና ቦንድ ገዛሁ፣ ካውንቲ ሄጄ እጄን አንስቼ ማልኩ። ከዚያ ስሜና የኔቫዳ ግዛት ስም ያለበት ስታምፕ መጣልኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል... እኔን ግን ገና እንደተሾምኩ ነው የቆጨኝ።

«ልጄ፣ ቤቱ ደረሰን!» አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

ሁለት ዓመት ወረፋ የጠበቁት የአረጋውያን አፓርታማ ነው፤ አሳንሰር ያለው። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ የተከራዩት ቤት ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ እትዬ በለጡ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ደረጃውን አንድ በአንድ እየተቀመጡ ነው የሚወርዱት። የቀረው ኖተሪ ፊት የሚፈረም አንድ ፎርም ብቻ ነበር። ያን ቀን የአፓርታማው ቢሮ ሳይዘጋ ካልገባ ግን ቤቱ ለቀጣዩ ሰው ይሰጣል። ለመዘጋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል።

«መታወቂያዎን ይስጡኝ ጋሼ።»

«የኔን?» ሳቁ። ኪሳቸውን ዳበሱ... የለም። መንዳት ካቆሙ ወዲህ ይዘውት አይወጡም። «ቤት ነው ያለው። እዚህም ሰው ነው በመኪና ያወረደኝ። አንቺ አታውቂኝም እንዴ?»

«እኔ አውቅዎታለሁ ጋሼ። ሕጉ ግን አያውቅዎትም።»

እውነቱን ልናገር... ይቺን ያልኳት ሕጉን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ማናጀሬ አጠገቤ ነበር፣ ወረፋ የያዙ ሰዎችም ነበሩ። ደስ እያለኝ ነው ያልኳት። ስታምፕ ያላት ሰው መሆኔን እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነበር።

እሳቸው አልተቆጡም። «ልክ ነሽ፣ ሕግ ሕግ ነው» ብለው ወጡ። ሺፍት ላይ ስለነበርኩ ልወስዳቸው አልቻልኩም። በዚያ ሙቀት ሁለት ባስ ቀይረው ሄዱ፣ ሁለት ባስ ቀይረው ተመለሱ። ሲገቡ ከንፈራቸው ደርቋል። ውሃ ሰጠኋቸው፣ የመታወቂያውን ቁጥር መዝገብ ላይ ጻፍኩ፣ አስፈረምኳቸው፣ ስታምፑን ጫን አድርጌ መታሁ።

ቢሮው ከተዘጋ ሩብ ሰዓት አልፎታል። ብንደውል የሚያነሳ የለም። በማግስቱ ቤቱ ለሌላ ሰው መሰጠቱን የሚገልጽ ኢሜይል ደረሳቸው።

እኔ ግን ያን ዕለት አርብ ሺፍቴን እንደጨረስኩ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ የኮርሱን ማስታወሻ ከፍቼ ነበር። ልክ መሥራቴን አይቼ ልጽናና ብዬ እኮ ነው! ምን ቢል ጥሩ ነው... ኖተሪው ፈራሚውን በግል በደንብ የሚያውቀው ከሆነ መታወቂያ ግዴታ አይደለም።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ያነበብኩት፣ ተፈትኜ ያለፍኩበት ነገር ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ከጋሽ ወርቁ በላይ የማውቀው ሰው ማን አለና?

እሁድ ቸርች ሲያልቅ ፓርኪንግ ላይ ያዝኳቸውና እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸው መጀመሪያ ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ፤ እትዬ በለጡ እንዳይሰሙ።

«ቀስ በይ! አርብ በለጡ እህቷ ጋ ሮድስ ራንች ነበረች፣ ስመላለስ አላየችኝም። ቀኑን ረስቼ ነው ያሳለፍኩት ብያታለሁ።»

«ለምን ጋሼ?»

«እኔን አርባ ዓመት ተቆጥታኛለች፣ ለምጄዋለሁ። ባንቺ ካዘነች ግን አይወጣላትም። ዝም በይ፣ አደራ።»

ወዲያው እትዬ በለጡ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ደረሱ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

«ይሄ ሽማግሌ የሠራኝን ጉድ ሰማሽ? ቀኑን ረሳሁት ይለኛል እኮ! ወረቀቱን አንቺ ጋ ይዞት ቢመጣ ኖሮ፣ ገና ዓይኑን ስታዪ ስታምፕሽን ትመቺለት አልነበር?»

ጋሽ ወርቁ አስፋልቱን ያያሉ። እኔም አስፋልቱን እያየሁ...

«አዎ እትዬ፣ ወዲያው ነበር የምመታላቸው» አልኩ።

ለእውነት እንድመሰክር ነው እኮ ኔቫዳ ያንን ስታምፕ የሰጠችኝ።