የባለካፖርቷ ጃንጥላ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም፣ ልጄ ሶስና ሳሎን ውስጥ ስልኳን ከፍታ ለብቻዋ ትስቅ ነበር፤ መጀመሪያ ጆሮም አልሰጠኋት፣ የዘንድሮ ልጅ ከስልኩ ጋር ሲሳሳቅ መዋሉ ምን አዲስ ነገር አለው። ድንገት ግን ሦስት ጊዜ የሚጮህ መለከት፣ ከመለከቱም ቀጥሎ ሮጦ እንደመጣ ሰው ልብ የሚደልቅ ከበሮ ሰማሁና ሰፌዱ ከጭኔ ተንሸራቶ ምስሩ በረንዳውን ሞላው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ ስንቱን የክፍል ረባሽ በዓይኔ ብቻ ቀጥ ያደረግሁ መምህርት ነኝ፤ ያንን ሙዚቃ ስሰማ ግን ከወንበሩ ሥር አንድ እጅ ወጥቶ ቁርጭምጭሚቴን የሚይዘኝ ይመስል ሁለት እግሬን ወደ ላይ ሰበሰብሁ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ ሶስና ብቅ ብላ። «የድሮ የስለላ ፊልም እኮ ነው፤ በሳቅ ትሞቻለሽ፣ ነይ እይው!»

«አጥፊው» አልኋት።

ያን ሙዚቃ የሰማሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ከናዝሬት ተቀጥሮ የመጣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ በተከራየንበት ግቢ ውስጥ ካሉት አምስት ቤቶች ቴሌቪዥን ያለው የኛ ቤት ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እናቴ በጠለፈችው ዳንቴል ተሸፍኖ ይሰነብትና፣ እሁድ እሁድ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዳንቴሉ ይገለጣል፤ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ዱካ ይዞ ይገባል። የእሁዱ ፊልም ዋና ሰላይ ወገቡ በቀበቶ የሚታሰር ረጅም ካፖርት የምትለብስ ቀጭን ፈረንጅ ነበረች፤ ስሟን አስተካክሎ የሚጠራ ስለጠፋ ግቢው በሙሉ «ባለካፖርቷ» ይላታል። ባለካፖርቷ ሳትያዝ የዋለችበት እሁድ ትዝ አይለኝም፤ አንድ ሳምንት ወንበር ላይ፣ አንድ ሳምንት ምሰሶ ላይ፣ አንድ ሳምንት የባቡር ሐዲድ ላይ ያስሯታል፤ በፈረንጅ አገር ገመድ በነፃ የሚታደል ይመስለኝ ነበር። አስተርጓሚያችን አባቴ ነው፤ እሱ ደግሞ እንግሊዝኛውን የለመደው ከማሽን መመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ክፉዎቹ ሰዎች አንገት ለአንገት ገጥመው ሲዶልቱ «አሁን የሚያወሩት ጥርሱ ስለተበላ ማርሽ ነው» ይለናል፣ እኛም አምነን እንሰጋለን። እኔ ከእናቴ ጀርባ ተወሽቄ በነጠላዋ ጫፍ አንድ ዓይኔን ብቻ ሸፍኜ ነበር የማየው፤ ሁለቱንም ብሸፍን የሚመጣብኝን አላየውም፣ ሁለቱንም ብገልጥ ደግሞ እነሱ ያዩኛል ብዬ እፈራለሁ።

ከሁሉም ፊት፣ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው የሚቀመጡት እትዬ አንጓች ነበሩ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ገበያ ቅመም የሚሸጡ፣ ከእኛ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ የሚጋሩ ሴት ናቸው። ይታይሽ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ የጫማዬን ክር ማሰር ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከዚያ ጊዜ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ አንድ ጧት ሰማያዊ የሰልባጅ ካፖርቷን ለብሳ አክስቴን ልጠይቅ ቁንዝላ ደርሼ ልምጣ ብላ ወደ ጀልባው ወረደች፤ አክስቷ ቤት አልደረሰችም። ጫካ ገባች የሚል ነበር፣ ታስራ ነው የሚል ነበር፣ ድምፁን ከሁሉ ዝቅ አድርጎ ውሃ በልቷት ነው የሚልም ነበር። እናቲቱ ፊት ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔ ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ በግድግዳው ስንጥቅ የምሰማው የእሳቸውን ጸሎት ነው፤ «እመቤቴ፣ አስካለ ማርያምን ጠብቂልኝ።» አስካለ ማርያም የይታይሽ የክርስትና ስሟ ነው።

አንድ እሁድ ክፉዎቹ ሰዎች ባለካፖርቷን እጇን የፊጥኝ አስረው፣ እግሯ ላይ ድንጋይ አንጠልጥለው፣ ከጀልባ ላይ ወደ ባሕር ወረወሯት። ውሃው ተዘጋባት። አረፋ ብቻ ቀረ፤ ያ መለከት ሦስቴ ጮኸና ፊልሙ ለሳምንት ተቋረጠ። እትዬ አንጓች ከዱካቸው ተነሥተው ደረታቸውን ያዙ።

«ኧረ እትዬ አንጓች፣ ይረጋጉ፣ ተዋናይ እኮ ናት፣ ደመወዝ ይከፈላታል» አላቸው አባቴ።

«ደመወዝ ስለተከፈላት ውሃው አይበርዳትም?» አሉና ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ ምሥራቅ ዞሩ። «የዘጌዋ ኪዳነ ምሕረት፣ ይቺን የሰው ልጅ ከዚያ ውሃ ካወጣሽልኝ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ!»

አባቴ ሊስቅ ሲል እናቴ በክርኗ ጎሸመችው። እኔ እንኳ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ስለቱ ለማን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ይቺ ከወጣች ያቺም ትወጣለች ማለታቸው ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ቀበሌው ትልቅ ሰው የተባለውን ሁሉ ስብሰባ ጠራ። እናቴ የግቢውን በር ከውጭ ዘግታ፣ ምንጣፍ ላይ ከተኛው ታናሽ ወንድሜ ጋር ትታኝ ሄደች፤ እትዬ አንጓች ደግሞ ሲወጡ አገጬን ይዘው «የኔ ዓይን፣ ለኔም እይልኝ» አሉኝ። ዳንቴሉን ብቻዬን ገለጥሁ። የምሸሸግበት የእናቴ ጀርባ አልነበረም። ባለካፖርቷ ከውሃው ሥር ሆና ጸጉሯ ወደ ላይ ተንሳፍፏል፣ ዓይኗ ፈጥጧል፣ ጣቶቿ ገመዱን ይዳብሳሉ፤ እኔም አብሬያት ትንፋሼን ይዤ ነበር። ጭልም! መብራት ሄደ። በመስኮቱ የቀረችው የማታ ብርሃን የራሴን ፊት በጥቁሩ መስታወት ላይ አሳየችኝ፤ ያቺ የሰመጠችው እኔ የሆንሁ መሰለኝ። አልጮህሁም፤ ብጮህ ውሃው የሚገባብኝ መስሎኝ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ፊልሙ አልቆ የሰልፍ ዘፈን ይሰማል። ያ የመጨረሻው ክፍል ነበር፤ በሳምንቱ በቦታው ሌላ ነገር ገባ።

እትዬ አንጓች ከስብሰባው እየሮጡ ነው የመጡት፤ ነጠላቸው መሬት ይጎተታል። «ልጅቱስ?» አሉኝ ትከሻዬን ይዘው። ፊታቸውን አየሁት። እንዲህ ያለ ፊት እያየ አላውቅም የሚል አንጀት ያለው ልጅ ካለ እሱ ይፍረድብኝ።

«ዳነች» አልሁ። በዚያ ብቻ ባቆም ምን ነበረበት፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳ መጥቶ እንዳወጣት፣ ጋቢ እንዳለበሳት ሁሉ ጨመርሁበት። የፈረንጅ ዓሣ አጥማጅ ጋቢ ከየት አመጣ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እትዬ አንጓች እልል አሉ።

ወር ሳይሞላ ወርቃማ ዘርፍ ያላት ጃንጥላ ተገዛች፤ የምሥራቹን የነገርሁ እኔ ነኝና አብሬ ዘጌ እንድሄድ ተፈረደ። ጀልባው ውስጥ ከአስር የማንበልጥ ሰዎች ነበርን። ባሕር ዳር ከኋላችን እያነሰች ስትሄድ ጥፋቴን እቆጥር ጀመር፤ ያላየሁትን አየሁ ብዬ፣ በውሸቴ ላይ ስለት ተጭኖ፣ ኪዳነ ምሕረት ፊት ልቀርብ ነው። መሀል ስንደርስ ነፋስ ተነሣ። ሐይቁ ጠቆረ፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል ብሎ ጸጥ አለ፣ ማዕበሉ ጀልባውን እያነሣ ይጥለው ጀመር። ሰው ሁሉ የየታቦቱን ስም ሲጠራ፣ ባለጀልባው ውሃውን በጣሳ እየቀዳ፣ ቀልድ ይሁን እውነት በማይለይ ድምፅ «ኧረ እባካችሁ፣ ከመካከላችሁ ዮናስ ያለ እንደሆነ ይናገርና እንገላገል!» አለ።

የዮናስን ታሪክ በነነዌ ጾም ሰምቼዋለሁ፤ አውጥተው እንደሚጥሉት አውቃለሁ። የኔን እጅ የፊጥኝ ሲያስሩት፣ እግሬ ላይ ድንጋይ ሲያንጠለጥሉ፣ ያ መለከት ሦስቴ ሲጮህ ሁሉ ታየኝ። የእትዬ አንጓችን ቀሚስ ጨምድጄ ያዝሁና «እኔ ነኝ! ዋሽቼዎት ነው፣ አልዳነችም፣ ሞታለች!» ብዬ ጮህሁ።

አፌን በቆረጠው። መሞቷንስ መቼ አየሁ? አላውቅም ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱ እሱ ብቻ ነበር። ነገር ግን በፍርሃት ለተያዘ ልጅ ዳነች ማለት ውሸት ከሆነ እውነቱ ሞተች ነው፤ ሌላ ሦስተኛ ነገር አልታየኝም። ወዲያው ሞተሩ ተነሣ፣ ጥቂት ቆይቶም ነፋሱ በረደ። ሐይቁ የፈለገውን እንዳገኘ ሁሉ ጸጥ ሲል ከማዕበሉ ይበልጥ ያስፈራኝ ያ ጸጥታ ነው። እትዬ አንጓች አልተቆጡኝም። ጃንጥላዋን ከውሃው ፍንጣቂ ሸፍነው እንደታቀፉ፣ እስክንደርስ ድረስ ሐይቁን ያዩ ነበር።

ዘጌ ስንደርስ የተቀበሉን ሽማግሌ ቄስ «ስለት ነው?» አሏቸው።

«የለም አባቴ። መታሰቢያ ነው።»

«ስመ ክርስትና ይንገሩኝ።»

ባለካፖርቷ የክርስትና ስም ከየት ታመጣለች? አሁን ያፍራሉ ብዬ ጠበቅሁ። እትዬ አንጓች ግን ጃንጥላዋን በሁለት እጃቸው ዘርግተው «አስካለ ማርያም» አሉ። ቄሱም ነፍስ ይማር አሉ። እኔ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጥሁ።

በማግስቱ እትዬ አንጓች ጥቁር ለበሱ፤ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ሰው ሁሉ በስውር ከጫካ መልእክት መጥቶላቸው ነው ብሎ ስላሰበ፣ መርዶውን ማን ነገራቸው ብሎ ደፍሮ የጠየቀ አልነበረም። መርዶ ነጋሪዋ ከድንኳኑ ጀርባ እንጨት ክምር ውስጥ ተደብቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ በግድግዳው በኩል የምሰማው ጸሎት ተለወጠ፤ ጠብቂልኝ ቀርቶ «ነፍሷን ማሪልኝ» ሆነ። ጆሮዬን በትራስ እይዝ ነበር።

ጊዜው ተለወጠና ታጋዮች ከተማችን ገቡ። ጸጉራቸውን ያጎፈሩ ሴቶች ጠመንጃ አንግተው በእግር ሲያልፉ፣ ልጅ የጠፋባት እናት ሁሉ ፎቶ ይዛ መንገድ ዳር ቆማ «ይቺን አይታችኋል?» ትል ነበር። እትዬ አንጓች አልወጡም፤ ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው፣ ምን ብለው ይውጡ? በእሳቸው ፈንታ እኔ ወጣሁ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ እግሬ እስኪያብጥ፣ የእያንዳንዷን ፊት አየሁ፤ ባገኛት ደስ የሚለኝ ይሁን የምደነግጥ ሳላውቅ። አላየኋትም። ምናልባት በሌላ መንገድ አልፋ ይሆናል፣ ምናልባት ውሃው ሥር ናት፣ ምናልባት እናቷ ብትወጣ የምታውቃት፣ በሰባት ዓመቴ የተለየኋት እኔ ግን ፊቷን የረሳሁት አንዷ ነበረች። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አድጌ፣ ሥራ ይዤ፣ እትዬ አንጓች በታመሙበት ወራት፣ ሞተች ያልሁትም ሳላይ መሆኑን ልናዘዝላቸው ሄድሁ። ገና አፌን ሳልከፍት እጄን ያዙኝና «አንቺ እኮ ነሽ ያሳረፍሽኝ ልጄ» አሉኝ። «በር ኳ ባለ ቁጥር እየተነሡ መኖርን አታውቂውም። ባትነግሪኝ እስካሁን ደጅ ደጁን አይ ነበር።» የያዝሁትን ዋጥሁት። ምን ላርግ፣ አሁንም ፈራሁ። ከቀበርናቸው በኋላ በየዓመቱ ለኪዳነ ምሕረት ጧፍ እየላክሁ የእናቲቱንም የልጅቱንም ስም ከሙታን ጋር አስጠራለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ምስሬን ለቅሜ ከጨረስሁ በኋላ ሶስናን ጠራኋትና «የመጨረሻውን ክፍል አምጪልኝ» አልኋት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ነጠላዬን አንድ ዓይኔ ላይ ጣል አድርጌ ስልኩን ተቀበልሁ። በጥቁርና ነጭ ያየሁት ካፖርት ቀይ ኖሯል። ያ ጥልቅ ባሕር የመዋኛ ገንዳ ነው፤ ሶስና ታይሉን እያሳየችኝ ትስቃለች። እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ ነበር። ባለካፖርቷ ገመዱን ዳበሰች፣ የካፖርቷን ቀበቶ ዘለበት አገኘች፣ በሱ ገዘገዘችው፤ ዓሣ አጥማጅ የለ፣ ጋቢ የለ፤ ብቻዋን፣ እያሳላት፣ በደረቷ እየተሳበች ዳር ወጣች።

ድናለች። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ድና ነበር።

እኔም ትንሽ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስሁ፣ ሶስናም ደንግጣ ስልኩን ቀማችኝ። ለማን ልንገር? ያ ግቢ ፈርሶ ሆቴል ተሠርቶበታል፤ ያ የጭቃ ግድግዳ ከነስንጥቁ የለም፤ «ለኔም እይልኝ» ያሉኝ ሴት መሬት ሥር ናቸው። ይታይሽ ብትኖር ስልሳ እየተጠጋት ነው፤ ጸጉሯ ሸብቶ ይሆናል፣ የልጅ ልጅ ይኖራት ይሆናል።

እሁድ ጧት ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ወደ ምሥራቅ ቆምሁ። የለመድሁት ነፍሷን ማሪልኝ አፌ ላይ መጣ፤ መለስሁት። ሌላኛውን ልል ስል ደግሞ ያ የጀልባው ብርድ ከእግሬ ጀምሮ ወጣብኝ፤ ሳላይ አዳንኋት፣ ሳላይ ገደልኋት፣ አሁን ደግሞ በምን አፌ? ቢሆንም፣ እንደ ዘጠኝ ዓመቷ እየተንቀጠቀጥሁ፣ እትዬ አንጓች ይሉት እንደነበረው አድርጌ አልሁት።

«እመቤቴ፣ አስካለ ማርያምን ጠብቂልኝ።»