የማይሰሙት ሁለት እግሮች

ዊልማ ካዶሬን ለሠላሳ አንድ ዓመት ያየናት በጭነት ጋሪ ላይ ቆማ ነው። ደሴታችን ላይ መኪና የለም። ከጀልባ የሚወርደው ሁሉ፣ ፍራሹም ቢራውም የሆቴሎቹ ሻንጣም፣ በፈረስ ጋሪ ነው ዳገቱን የሚወጣው። ለምን እንደማትቀመጥ አንዴ ጠይቄአት "ስቀመጥ ጆሮዬ ይተኛል" አለችኝ። እኔ ዴል እባላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ከእሷ ጋሪ ኋላ ነድቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜ እየተነጫነጭኩ።

እውነትም ጆሮ ነበራት። ሆብ የሚባለው ሰንጋ ፈረሷና ፐርል የምትባለው ባዝራዋ ለዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተጠምደው ሠርተዋል። ስምንቱ ሰኮና አስፋልቱን ሲመታ፣ የቱ እግር ላይ ሚስማር እንደላላ ከድምፁ ትለየው ነበር። ባለፈው መስከረም አንድ ጠዋት ዳገቱ መሃል ላይ ድንገት ቆመች። ወርዳ የፐርልን የፊት እግር አነሳች። የብረት ጫማው ተነቅሎ የሰኮናውን ጠርዝ ይዞት ሄዷል። የቀረው በጣቷ ስትነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ሌላኛውም የፊት እግር ከዚያ አይሻልም ነበር።

የደሴቱን ፈረሶች ጫማ የሚመታው ኦዲ መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ሚስማር የምመታበት ቦታ የላትም። ከደገምኩባት የቀረውንም ይዞት ይወጣል።"

"እና ምን ይሁን? ሥዕል አድርጌ ግድግዳ ላይ ልስቀላት?"

"ሁለቱን የፊት እግር የጎማ ቦት እናልብሳት። አዲሱ ሰኮና ከላይ አድጎ እስኪወርድ። ዓመት ይፈጃል።"

"ዓመት?"

"ፀጉር መሰለሽ እንዴ? ሰኮና ነው።"

ቦቶቹ ወፍራም ናቸው፤ ውስጣቸው ለስላሳ ንጣፍ፣ ላያቸው ላይ ማሰሪያ አላቸው። ዊልማ ጠዋት ታለብሳታለች። ሥራ ሲያልቅ አውልቃ ሰኮናውን ታጥባለች፣ ታደርቃለች፤ ማሰሪያው የላጠው እንዳለ በጣቷ ትዳብሳለች። ቦቶቹን ደግሞ ቤቷ ወስዳ ምድጃዋ አጠገብ ታሰጣቸዋለች። ቤቷ የገባ ሰው ጠረኑን ሸሽቶ በቶሎ ነበር የሚወጣው።

ፐርል በቦቱ ደህና መራመድ ጀመረች። የተጨነቀችው ዊልማ ናት። ጎማ ድምፅ የለውም። "ሁለቱ እግሮች ጠፉብኝ" ትለኝ ነበር። የማትሰማውን እግር ማመን አልቻለችም። መቶ እርምጃ ሳትሄድ ቆማ ትወርዳለች፣ ታያለች፣ ትወጣለች። እኔ ከኋላ ሃያ ፍራሽ ጭኜ እጠብቃለሁ።

"ዊልማ፣ ዛሬ እንገባለን ወይስ ለገና ነው?"

"ምን ያስቸኩልሃል? ደሴት ነው፤ ብትሮጥ ባሕር ውስጥ ነው የምትገባው።"

ትቀልድ እንጂ ፊቷ ከስቶ ነበር። የፈራችውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥቅምት ላይ ፈረሶቹ የበረዶውን ወራት ማዶ ሊያሳልፉ በጀልባ ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት የፈረሶቹ ባለቤት ሽማግሌው ሚስተር ሄብል ቢሮው በር ላይ ወንበር አስወጥቶ ይቀመጣል። ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። ጋሪዎቹ አንድ በአንድ በፊቱ ያልፋሉ፤ እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። "ትመለስ" ያላት በግንቦት ትመለሳለች። "ትሸጥ" ያላት ለጨረታ ትሄዳለች። ሰኮናዋ የተበላሸ የአሥራ አምስት ዓመት ባዝራ ጨረታ ላይ ለምን እንደምትፈለግ እናውቃለን፤ ለሥጋ ነው። ስለ ቦቶቹ ለሽማግሌው የነገረው ሰው የለም። ግን ስምንት እግር አልፎ ስድስት ከሰማ ይጠይቃል።

ሽማግሌው ጋሪዎቹን በሚሰማበት ዕለት ማለዳ ጋጣው ውስጥ ስደርስ ኦዲ በርከክ ብሎ የፐርል የፊት ሰኮናዎች ላይ፣ ድምፅ እንዲሰጡ፣ ቀጭን ብረት እየመታ ነው፤ ለእያንዳንዱ እግር ሁለት ሁለት ሚስማር ብቻ። ቦቶቹ ጋሪው ላይ ተቀምጠዋል።

"ለግማሽ ሰዓት ነው" አለ ኦዲ፣ ሳያየኝ። "እኔ አልመታሁትም፤ አንተም አላየህም።"

"ሁለት መቶ እርምጃ ነው" አለች ዊልማ። "ሁለት መቶ እርምጃ ትችላለች። ትችላለች።" ተይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወጣን። ስምንቱም እግሮች ጥርት ብለው ተሰሙ፤ እኔ ራሴ ከኋላ ሆኜ ስህተት አላገኘሁም። ሽማግሌው ዘንበል ብሎ አዳመጠ። ወንበሩን አልፈው ሊሄዱ ትንሽ ሲቀራቸው ዊልማ ልጓሙን ያዘች። ሆብ ወደ ጎን ተጠጋግቶ ሲሄድ አይታለች። ፐርል ትከሻዋን ጥላበታለች፤ እሱም ደግፏት ነው የሚራመደው። ማነከሷ እንዳይሰማ ድምፁን ያስተካከለው እሱ ነበር።

ወረደች። ከጋሪዋ መቀመጫ ሥር ጉጠት አወጣች። እዚያው መንገዱ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሚስማሮቹን ነቅላ ቦቶቹን አለበሰቻት። ከኋላዬ ያሉት "ምንድን ነው?" ይላሉ። እኔም መጀመሪያ ላይ በልቤ ረግሜአታለሁ።

"ዊልማ" አለ ሽማግሌው። "ምን ሆንሽ? ደህና ነበሩ እኮ። 'ትመለስ' ልል ነበር።"

"ደህና አልነበሩም፣ ሚስተር ሄብል። ዋሽቼዎት ነው።"

"እስቲ ነጂ።"

ነዳች።

"ስድስት ሰማሁ።"

"ሁለቱ ጎማ ውስጥ ናቸው። የፊት ሰኮናዋ ተበላሽቷል። ዓመት ካገኘች ይድናል።"

"የጭነት ፈረስ ናት። ዓመት ሙሉ ማን ይቀልባታል?"

"ዳገት አያስወጧት። የአበባ መሸጫ ቤቱን ትንሽ ባለ አንድ ፈረስ ጋሪ ትጎትት፤ ሜዳ ለሜዳ ነው።"

"ያ የጀማሪ ጋሪ ነው። ማን ሊነዳው?"

"እኔ።"

ሽማግሌው አንገቱን ወደ ሆብ ዘንበል አደረገ። ከዚያ "ሆብስ?" አላት። እጇን የሆብ አንገት ላይ አሳረፈች።

"ሆብን ለዴል ይስጡት። አፉ ነው እንጂ እጁ ጥሩ ነው።"

ሽማግሌው ወደ ጸሐፊው ዞሮ "ትመለስ" አለ።

አሁን ግንቦት ነው። የፐርል አዲሱ ሰኮና ከግማሽ በላይ ወርዷል፤ ኦዲ ጥሩ ነው ይላል፣ ዊልማ ግን አሁንም ማታ ማታ ትዳብሰዋለች። ትንሿን ጋሪ የምትነዳው ተቀምጣ ነው። አሁን አራቱም የፐርል እግሮች ቦት ውስጥ ስለሆኑና ድምፅ ስለሌላቸው ሳትሰማቸው አጠገብህ ይደርሳሉ።

እኔ ደግሞ ቆሜ መንዳት ጀምሬአለሁ። ሆብ ከአዲስ ፈረስ ጋር ተጠምዷል፤ ይሠራል፣ አይለግምም። በየጠዋቱ ግን አበባ ቤቱ ጥግ ስንደርስ ይቆምና ጆሮውን ያቆማል። የሚሰማ ነገር የለም። መጀመሪያ ሰሞን ልጓሙን እስብ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ፤ ፐርል ከጥጉ ብቅ እስክትል፣ ከኋላዬ ያሉት እየተነጫነጩብኝ፣ አብሬው እጠብቃለሁ።