ሐጂ ይመር የደገፉት ግድግዳ

ባለፈው ጥቅምት ከወልዲያ ወደ ደሴ ስመለስ አውቶቡሱ ጎማ ሊቀይር ሐይቅ ከተማ ላይ ቆመ። ከመንገዱ ዳር ትኩስ የዓሣ ጥብስ ገዛሁና እየበላሁ በእግሬ ወደ ድሮ ሰፈራችን አዘገምሁ። የኖርንበት ቤት የለም፤ በቦታው ፎቅ ተሠርቶበታል። እኔ ግን ቆሜ ያየሁት ያንን የጭቃ ቤት ነበር።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ደርግ ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ ቆይቷል፤ የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ወደ ወሎ እየተጠጋ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ደብሪቱ ዳቦ ጋግራ እየሸጠች ታሳድገኛለች። የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ከመወረሱ በፊት የሐጂ ይመር ነበር። እሳቸው ከኋላችን በቀረቻቸው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። እናቴ ቤታቸውን እሷ የነጠቀቻቸው ይመስል፣ መንገድ ላይ ስታገኛቸው አንገቷን ደፍታ ነው የምታልፈው።

የዚያ ዓመት ክረምት ጉድ ነበር። ሐይቁ ሞልቶ የዳሩን በቆሎ ዋጠው። ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት የጓዳችን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኘነው። ምሰሶውን ምስጥ በልቶት ጣሪያው ዘሟል። እጄን በስንጥቁ ብሰድ ውጭ ያለው ዝናብ ጣቶቼን መታኝ።

ቀበሌ ሄደን አመለከትን። ሊቀ መንበሩ ብዙም አላሰበም፤ "ቤቱን ልቀቁና ይጠገናል" አለ።

"እንግዲያው ሲጠገን እንደምንመለስ ወረቀት ይስጡን" አለች እናቴ።

"በመንግሥት አታምኚም?"

እናቴ እጄን ይዛ ወጣች። ለጥገና ተብሎ የወጣ ሰው ሲመለስ ሌላ ገብቶበት እንደሚያገኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባንለቅ ጣሪያው ይወድቅብናል፤ ብንለቅ ሜዳ ላይ ነን።

በማግስቱ ሐጂ ይመር ሁለት ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አሸክመው መጡ። እናቴ ክው አለች።

"ሐጂ፣ አንቱ ደግሞ ለእኛ..."

"አብሽሪ ደብሪቱ። ይችን ምሰሶ ያቆምሁ እኔ ነኝ፤ የት ላይ እንደምትደክም አውቃለሁ።" ግድግዳውን በግንዶቹ ደግፈው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ተምረሻል፤ ጻፊ። ማደስ የአከራይ ነው፤ ሲታደስ መመለስ የተከራይ ነው በይ።"

እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ማመልከቻዬን ቆሜ አነበብሁ። ሊቀ መንበሩ "በኋላ ይታያል" ብሎ ሊያልፈው ሲል ሐጂ ይመር ከኋላ ተነሡ።

"እኔ አከራይ ሳለሁ ግድግዳ ሲፈርስ ተከራዬን ሳላባርር ነበር የማድስ። ያኔ በዝባዥ አላችሁኝ። ወላሂ፣ ቀበሌው ከበዝባዥ ያንሳል?"

ከዚያ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ሌላውም ተከተለ። "ይጻፍላቸው!" የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተሰማ። ሊቀ መንበሩ ፊቱ ጠቁሮ ሲታደስ እንደምንመለስ እዚያው ጻፈና ማኅተሙን መታበት።

ሐጂ ግን አመሻሹ ላይ "አድኃሪ" ተብለው ተያዙ። ሦስት ቀን ሲታሰሩ እናቴ ጠዋትና ማታ ትኩስ ዳቦ ወሰደችላቸው። እስላምና ክርስቲያን ሥጋችን ቢለያይም ዳቦ አይለያይም። በአራተኛው ቀን ሲፈቱ እግራቸው ላይ ልትወድቅ አለች።

"በእኛ ምክንያት ታሰሩ!"

ቀና አደረጓት። "ቤቱን ሲወስዱብኝ አፌን ዘግቼ ነበር ደብሪቱ። ሲያንገበግበኝ የኖረ እሱ ነው።"

ከሁለቱ ክፍላቸው አንዱን ለቀውልን እስከ ኅዳር ተቀመጥን። ለጥገናው የተባለው እንጨት ለጦሩ ምሽግ ተወሰደ። ጎረቤቱ በደቦ ጭድና ጭቃ ረግጦ፣ ምሰሶ ተክሎ ሠራልን። ልንገባ ስንል አንድ ካድሬ ጓዙን ጭኖ መጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አሳየችው። ደጋግሞ አነበበውና ጓዙን ይዞ ተመለሰ። እኛም ገባን፤ እናቴም እስክትሞት ከዚያ ቤት አልወጣችም። ሐጂ ይመር ግን መንግሥት ተለውጦም ቤታቸው ሳይመለስላቸው አረፉ።

ዛሬ ደሴ ላይ እኔም አከራይ ነኝ። ቤት ማደስ ሲያስፈልገኝ፣ ተከራዮቼ ሳይጠይቁኝ እንደሚመለሱ ጽፌ እፈርምላቸዋለሁ። "እትዬ፣ እኛ እኮ እናምንዎታለን" ይሉኛል። አውቃለሁ። ግን ከቤቱ ወጥቶ፣ ጓዙን ደጅ ላይ ደርድሮ የሰውን ፊት የሚያይ ሰው ልቡ ምን እንደሚሆን ደግሞ እኔ ከእነሱ ይበልጥ አውቃለሁ።