የእህቴ ቀሚስ አንገትጌ

እህቴ ልታገባ አንድ ወር ሲቀራት የሙሽራ ቀሚሷን እኔ እንድሰፋላት ጠየቀችኝ። ሠርጉ ለጥር ታስቦ ነበር፤ እጮኛዋ ለውትድርና ሲጠራ ግን ከነቢያት ጾም በፊት እንዲሆን ተወሰነ። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር፣ ቤታችን በረንዳ ላይ፣ አባቴ በገዛልኝ ስፌት መኪና የሰፈሩን ልብስ እሰፋለሁ።

ሳቲን ከገበያ ጠፍቶ ስለ ነበር ያገኘነው ተራ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው። ቀሚሱ ሲያልቅ እህቴ ለብሳው መስታወት ፊት ቆመችና «ያምራል» አለችኝ። እኔ ግን የነርስ ጋዋን መሰለኝ።

በማግስቱ ከገበያ ብልጭልጭ ገዛሁ፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሱ፣ መሐላቸው የተበሳ ክብ ፍሬዎች። አሰፋፉን ያስተማረኝ ስለሌለ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞከርሁ። በአንድ ረጅም ክር ተራ በተራ ሰክቼ አበባ አወጣሁ። ለእናቴ ሳሳያት ጨርቁን ሳብ አደረገችው፤ ክሩ ተበጠሰና አበባዬ በሙሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ይህ በጭፈራው መሐል ቢሆንስ?» አለችና ጎንበስ ብላ አብራኝ ትለቅም ጀመር።

ከቤታችን ራቅ ብሎ በብልጭልጭ ያጌጡ የቤተ ክርስቲያን የከፈይ ጃንጥላዎችን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ። ቁራጩን ይዤ ሄድሁ።

«የኔታ፣ የእርስዎ ለምንድን ነው የማይረግፈው?» አልኋቸው።

ጨርቁን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። «አንቺ ሁሉንም ለአንድ ክር ሰጥተሽዋል። እያንዳንዱን ለየራሱ እሰሪው።»

መርፌውን ከታች አውጥተው በብልጭልጩ ቀዳዳ አሳለፉ፤ በላዩ ትንሽ ዶቃ ሰኩ፤ ከዚያ በዚያው ቀዳዳ መልሰው ከጀርባ ቋጠሩት። ዶቃው ከቀዳዳው ስለሚበልጥ ብልጭልጩን ይዞ ያስቀረዋል። ዓይናቸው ስለ ደከመ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያስቸግራቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ሄጄ በቀኑ መርፌዎች ሁሉ ክር አስገባላቸዋለሁ፤ እሳቸውም የሠራሁትን በጣታቸው እየዳሰሱ የላላውን ሲያገኙ «ይህንን ፍቺው፣ ልጄ» ይሉኛል።

ትንንሽ ዶቃ ግን በከተማው ፈልጌ አጣሁ። ይህን ስነግራት እናቴ ከሣጥኗ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የዶቃ ጌጥ አወጣች። እናቴ የወለጋ ልጅ ናት፤ አባቴ እዚህ ፋብሪካ ሲቀጠር ነው ተከትላው የመጣችው። ያንን ጌጥ አንገቷ ላይ አይቼው አላውቅም።

«እናቴ ናት የሠራችልኝ» አለች። መቀስ ስታነሣ እጇን ያዝሁት።

«ተይው እማዬ፣ ሌላ እንፈልጋለን።»

«ሣጥን ውስጥ ማን ያየዋል? ልጄ ትልበሰው።» ክሩን ራሷ ቆረጠችው።

ዶቃው ነጭና ቀይ ነበር። ቀዩ በነጩ አንገትጌ ላይ እየበዛብኝ ሦስት ጊዜ ሰፍቼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። በመጨረሻ በአበባዎቹ እምብርት ላይ ብቻ አስቀረሁት። እህቴ ስታየው አንገትጌውን ጉንጯ ላይ አስደገፈችው።

የሠርጉ ዕለት ጣና ዳር ፎቶ ሲነሡ ነፋሱ ቬሏን ይገፋ ነበር፤ ከቀሚሱ ግን አንድም ፍሬ አልረገፈም። እናቴ ፎቶ አንሺውን «አንዴ ቆየኝ» አለችና ሄዳ የእህቴን አንገትጌ አቃናች። ከተቃናም በኋላ እጇን ቶሎ አላነሣችም።

ሙሽራው በሁለተኛው ሳምንት ዘመተ፤ እህቴም እኛ ቤት ተመልሳ ተቀመጠች። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ የሌላ ሙሽራ እጅጌ በረንዳ ላይ ስሰፋ፣ የእህቴ ባል ከስቶ፣ ቦርሳ አንግቶ በግቢው በር ገባ። እህቴን ልጠራ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። እሷ ግን ኮቴ ሰምታ ወጣች። ቦርሳውን ከትከሻው ተቀበለችው።

«ደኅና ነሽ?» አላት።

እኔ ሥራዬን ሰብስቤ ቀስ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርሁ።