ሄሮን ዳር የደበቅነው ቆርቆሮ

ንጋት፣ ካርቲየ ሰባት

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። እዚህ የዕረፍት ቀን አርብ ነው፤ የጅቡቲ ሰው አርብ ማለዳ ይተኛል እንጂ በእግሩ አይዞርም። እኔ ወደብ ላይ ትራንዚት ሠራተኛ ነኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ የኮንቴይነር ሰነድ ሳሳድድ እከርምና አርብ ሲመጣ የምገባበት ይጠፋኛል። ስለዚህ እሄዳለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ውሃና ከጥግ ሱቅ የገዛሁት ትኩስ ባጌት ዳቦ፣ እጄ ላይ ስልኬ።

ስልኩ ለጨዋታ ነው። አትሳቁ። ሰዎች ትንሽ ሳጥን ይደብቁና ቦታውን ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣሉ። ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ይፈልጋል፤ ካገኘ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ እዚያው መልሶ ይደብቀዋል። በቃ፣ ሽልማት የለውም። ያስተማረኝ የሥራ ባልደረባዬ ሳምሶን ነው። አርብ አርብ አብረን እንዞር ነበር፤ እኛም በተራችን ከሄሮን ሰፈር ወዲያ፣ ባሕሩ ዳር ድንጋይ ሥር፣ ቀይ የብስኩት ቆርቆሮ ደበቅን። ከዚያ ሳምሶን ድሬዳዋ ተዛውሮ ሄደ። ቆርቆሮው ቀረ፤ እኔም ቀረሁ።

ሰሞኑን ፈላጊዎች «ሄደን አጣነው» እያሉ ይጽፋሉ። እውነት ከጠፋ ጨዋታውን እርግፍ አድርጌ ልተወው ቆርጫለሁ። ካለ ግን የማንም ይሁን የማን፣ የአንድ ሰው ስም ተጽፎበት ማየት እፈልጋለሁ። ብቸኝነት እንዲህ ያደርጋል፤ ሰው የማያውቀውን ሰው ይናፍቃል።

ረፋድ፣ ሜኔሊክ አደባባይ

በረንዳዎቹ ጭር ብለዋል፤ የካፌ ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። አንድ ባለታክሲ አጠገቤ ሲደርስ ቀዝቀዝ አለ። ሶማሌ ነው፤ አማርኛውን ከእኛ ከባድ መኪና ሹፌሮች ነው የለቀመው።

«ሀበሻ፣ ግባ። ወዴት ነው?»

«ሄሮን። በእግሬ ነኝ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ቆርቆሮ ልፈልግ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና «ፀሐይ ሳይመታህ አይቀርም» ብሎኝ ነዳ። አልፈረድኩበትም።

እኩለ ቀን

ቆርቆሮው ያለበት ድንጋይ ጋ መድረስ የሚቻለው ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ነው። እስከዚያ አንድ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጬ ባጌቴን በላሁ። የጫቱ መኪና ጥሩምባውን እያንባረቀ ሲገባ ከተማው ለአፍታ ነቃ፤ ሁሉም እስሩን ይዞ ከወዳጆቹ ጋር ወደየቤቱ ከተተ። ከዚያ ዝምታ። የዚህ አገር አርብ ከሰዓት ሰው ለሌለው ሰው ይከብዳል።

ከሰዓት፣ ባሕሩ ዳር

ባሕሩ ርቋል። ጭቃው ላይ ሸርጣኖች ይርመሰመሳሉ። ጫማዬን አውልቄ ስልኩ ወዳሳየኝ ድንጋይ ተጠጋሁ፤ እጄን ሰደድኩ፤ ምንም። ጎረቤቱን ድንጋይ አነሳሁ፤ ምንም። ደግሜ ደጋግሜ ስቆፍር ከበላዬ ካለው ግንብ ላይ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ወንድሜ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?»

«የብስኩት ቆርቆሮ። ቀይ።»

«ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

ከዘንቢሏ ፌስታል አወጣች፤ ከፌስታሉ ቆርቆሮውን።

«ተመስገን» አለች። «ስንት አርብ ተሸክሜው መጣሁ መሰለህ። የሰው ዕቃ ባሕር ሲወስደው ዝም ብዬ ልይ?»

ዘነበች ትባላለች፤ የወሎ ልጅ ናት። ሄሮን አንድ ግቢ ውስጥ እዚያው እያደረች በቤት ሠራተኝነት ትሠራለች። ማዳሟ አርብ ከሰዓት ትለቃታለች፤ መሄጃ ስለሌላት እዚህ መጥታ ትቀመጣለች።

«ሌሎች መጥተው አልጠየቁሽም?»

«ፈረንጆች መጥተው ነበር። ሥዕሉን በስልክ አሳዩኝ። በዚችው ፈረንሳይኛዬ ‹የእናንተ ነው?› አልኳቸው፤ ‹አይደለም› አሉ። ካልሆነ ምን አገባቸው? አልሰጠኋቸውም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ጨዋታውን አስረዳኋት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ወረቀቱ ላይ ከሳምሶንና ከኔ ሌላ ማንም የለም።

«ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ ስምሽን ጻፊ» አልኳት። ከነአባቷ ጻፈች፤ ቀስ ብላ።

መልሼ ድንጋዩ ሥር ላስገባው ጎንበስ ስል፣ «እንግዲህ ዕቃህን አገኘህ» አለች። «እኔ እኮ ዛሬ ባለቤቱ ይመጣል እያልኩ ነበር አርብን የምጠብቀው። አሁን ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ያ የኔም ጥያቄ ነበር። ቀና ብዬ ቆርቆሮውን መልሼ ሰጠኋት።

«አንቺው ዘንድ ይቆይልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«አርብ መጥቼ እጠይቅሻለሁ።»

«አደራ መብላት አላውቅም» አለችና ወደ ፌስታሉ መለሰችው።

ምሽት

እግሬ ተላልጦ ገባሁ። ክፍሌ ያው ክፍሌ ናት፤ በግድግዳው በኩል የጎረቤቶቼ የጫት ወግ ይሰማል። ስልኬን ከፈትኩና ማንም በከንቱ ድንጋይ እንዳያነሳ ቆርቆሮውን ከካርታው ላይ ሰረዝኩት። ሳምሶን ሲያይ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። አርብ ቀጠሮ አለኝ።