የኮምፓሱ ክዳን ላይ የቀረው አሻራ

እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ እናታችን ቁርስ አቀረበችልን። በላን። ከዚያ ወንድሜ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ በግቢው በር አጠገብ ወዳለችው ትንሽ ክፍል ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። እሑድ እሑድ የምናደርገው ይኸው ነው። ስለዚያ ቀን የተለየ ነገር ልጽፍ ብፈልግ አላገኝም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር ልል ነው፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ክፍሏ ውስጥ ያሉት የመርከብ ዕቃዎች ናቸው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ሐረር የት፣ ባሕር የት። ወንድሜም ሆነ እኔ ባሕር አይተን አናውቅም። እሱ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ቀያሽ ነበር፤ መሬት ይለካል። ከዓመታት በፊት ሸዋ በር አካባቢ ብረታ ብረት ከሚሸጥ ሰው ዘንድ፣ ከዛገ ቁልፍ ክምር ሥር አንድ ክብ ነገር አየ። ሻጩ "የጣሊያን ሚዛን ነው" አለው። ሚዛን አልነበረም። ክዳን ያለው የጀልባ ኮምፓስ ነበር፤ ውስጡ ፈሳሽ አለ፣ ፈሳሹ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ክብ ሰሌዳ ይንሳፈፋል። ወንድሜ ኮምፓስ በሥራው ስለሚያውቅ ገዛው። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልቆመም። የፀሐይን ከፍታ የሚለኩበት ሴክስታንት መጣ። የአየር ግፊት መለኪያ መጣ። እጥፍጥፍ ብሎ ራሱ ውስጥ የሚገባ የመርከብ መነጽር መጣ። ሻጮቹ ሁሉ "ከዘይላ ወደብ በግመል የመጣ ነው" ይላሉ። ወንድሜ "ይቺ ግመል ምን ያህል ብትሸከም ነው" ይል ነበር።

የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች "ካፒቴን" ብለው ነበር የሚጠሩት።

"ካፒቴን! መርከቧ መቼ ነው የምትደርሰው?"

"ኤረር በር ላይ ቆማለች፤ መንገዱ ጠቧት ነው" ይላቸዋል።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ስለ ዕቃዎቹ የማውቀው እሱ ያሳየኝን ብቻ ነው። አይወለውላቸውም ነበር። ናስ ሲያረጅ የሚይዘው ጥቁረት ልብሱ ነው ይል ነበር፤ ከገፈፉት ይራቆታል፣ ደጋግመው ካሹት ደግሞ የተቀረጸው ፊደል ያልቃል። አረንጓዴውን ዝገት ብቻ በመፋቂያ ጫፍ ቀስ ብሎ ያነሳል፤ እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ አይጭረውም። ከዚያ በጥጥና በአልኮል ይጠርጋል። መጨረሻ ላይ ስስ ሰም ይቀባል። አልኮሉ ለኮምፓሱም ያስፈልጋል፤ ፈሳሹ ሲጎድል የአየር አረፋ ስለሚገባበት አልኮልና ውኃ ደባልቆ ይሞላዋል። እናታችን አንድ ቀን ጠርሙሱን አግኝታ ልጄ ተደብቆ መጠጣት ጀመረ ብላ አለቀሰች። "የምጠጣው እኔ አይደለሁም እማዬ፣ ኮምፓሱ ነው" አላት። አላመነችውም መሰለኝ።

ደንብ ነበረው። ናስ በባዶ እጅ አይነካም። የእጅ ላብ ብረቱን ይበላዋል። ዛሬ ምንም አይታይም፤ ከሳምንታት በኋላ የጣቱ መስመር ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል። ስለዚህ ነጭ የጥጥ ጓንት እናደርጋለን። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ አሻራ የተወ ሰው ራሱ ያጠራዋል የሚል ነው። ሌላ ሰው አያጠራለትም። ቀኑን ሙሉ በጥጥ ማሸት ስለሆነ ማንም ሁለተኛ አይደግመውም።

ከጥምቀት በኋላ ይመስለኛል፣ የኮምፓሱ ክዳን ላይ የአውራ ጣት አሻራ ወጣ። ፊደሉ አጠገብ፣ ቡናማ ሆኖ። እሱ ያንተ ነው ይለኛል፤ እኔ ያንተ ነው እለዋለሁ። ሁለታችንም አናጠራውም። እንዲሁ ተቀምጦ ይጠቁራል።

የዚያን እሑድ ክዳኑን ወደ መስኮቱ አዞረው።

"አሁንም አላጠራኸውም?"

"የኔ አይደለማ።"

"ታዲያ የኔ ነው? እኔ ያለ ጓንት ነክቼ?"

"ጋሼ፣ ፈሳሹን የሞላህ ቀን ጓንትህ ቀዳዳ ነበር። አውራ ጣትህ ወጥቶ አይቼዋለሁ።"

"መብራት የያዝክልኝ አንተ ነህ። በአንድ እጅህ መብራት ይዘሃል። ሌላው እጅህስ ምን ይሠራ ነበር?"

"ኪሴ ውስጥ ነበር።"

"ኪሱ ውስጥ!" አለና ክዳኑን አስቀምጦ ሳቀ።

ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙን ነበር። እማማ ነው የምንላቸው፤ አጥር ነው የሚለየን። የቤታቸው ግድግዳ በሚያበራ ትሪ የተሞላ ነው።

"በጣት ትጣላላችሁ እንዴ እናንተ?" አሉ። "እስቲ ወዲህ ስጡኝ። ግማሽ ሎሚና ትንሽ አመድ፣ ወላሂ ፊታችሁን ታዩበታላችሁ።"

"እማማ፣ ሎሚው ይበላዋል እኮ። ፊደሉ ይጠፋል።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ትሪዬን በሎሚ ሳሽ አልበላው።"

"የእርስዎ ትሪ መርከብ አይመራም።"

"ይሄስ አንተን የት መራህ? ሚስት ቤት እንኳ አላደረሰህም።"

እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። እማማ የመጡበትን ነገር፣ ጨው ይሁን ሌላ፣ ከእናቴ ተቀብለው ሄዱ።

"ነገ ይለይልናል" አለኝ እንደወጡ። "ከቢሮ የማህተም ቀለም ይዤ እመጣለሁ። ሁለታችንም ወረቀት ላይ እናትማለን፣ በአጉሊ መነጽር እናያለን።"

"ያንተ ከሆነስ?"

"አጠራዋለኋ። ያንተ ከሆነ ግን ካፌ ትጋብዘኛለህ፣ ከዚያ ታጠራለህ።"

ይኸው ነው እሑድ።

ሰኞ ጠዋት እኔ ቀድሜ ወጣሁ። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስር ነበር። ቻው ያለኝ ይመስለኛል። ወይም እኔ ነኝ ያልኩት።

ቀትር ላይ የሥራ ባልደረባው ደወለልኝ። ከከተማው ውጭ፣ ሶፊ ወረዳ የጫት ማሳ ሊለኩ ወጥተው ነበር።

"ወንድምህ ወደቀ" አለኝ።

"ከምን ላይ?"

እኔ ዛፍ አሰብኩ፣ መኪና አሰብኩ። "ከምን ላይ ነው የወደቀው?" ብዬ ደገምኩ።

"ከምንም ላይ አይደለም" አለ። "ቆሞ ነበር።"

ሆስፒታል ስደርስ አልቋል። ሐኪሙ አስረዳኝ፤ ልብ የሚለውን ቃል ሰማሁ፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ሌላውን አልያዝኩትም። አንዱ ባልደረባው ከጠዋት ጀምሮ ሙቀቱ ከብዶት ውኃ ሲጠይቅ ነበር አለኝ። ሌላው ደግሞ የለም፣ ምንም አላለም፣ የመለኪያውን ዘንግ ይዞ እየቀለደ ነበር አለ። ሁለቱም አብረውት ነበሩ። የትኛውን እንደምይዝ አላውቅም። ቦርሳውን ሰጡኝ። ምሳ ዕቃው አልተከፈተም። ከሥሩ ሰማያዊ የማህተም ቀለም በቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ አለ። አልረሳውም ነበር።

ይህን ቀለም ባላገኝ ኖሮ ምናልባት ስለ አሻራው አላስብም ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ዕቃዎቹን በሙሉ በጓንት ነው የነካቸው። ያን ሁሉ ዓመት ሠርቶባቸው የእጁ ምልክት አንድም ቦታ የለም፤ እንዳይኖር ነው የደከመው። ያለው ያ ክዳን ላይ ያለው ብቻ ነው። የሱ ከሆነ። የኔ ከሆነ ደግሞ ቆሻሻ ነው። እናቴ መሬት ላይ ተኝታ እየጮኸች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ይህን ነው የማስበው። የታመምኩ መሰለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የእድር ሰዎች ድንኳን ተከሉ። እኔን ከአንድ ሰው ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ላኩኝ፤ ስለ መቃብሩ የሚጨረስ ነገር ነበር። ምን እንደተባለ አላስታውስም፤ አብሮኝ የነበረው ሰው ነው የተናገረው። ስመለስ የትንሿ ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለለቀስተኛ የሚሆን ፍራሽና ወንበር ለማስገባት ባዶ አድርገዋታል። ጠረጴዛው ብቻ ቀርቷል። ዕቃዎቹ ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ ተደርድረዋል።

እማማ ከሸራው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ጎናቸው አመድ በሳህን፣ የተቆረጠ ሎሚ። የአየር ግፊት መለኪያው ወርቅ መስሏል። መነጽሩም እስከ ግማሹ ደርሷል። ከላይ የነበረው ፊደል በጭራሽ አይነበብም። እማማ እያለቀሱ ነው የሚያሹት፤ እንባቸው አመዱ ላይ ይንጠባጠባል፣ እጃቸው ግን አይቆምም።

"የቢሮው ሰዎች ይመጣሉ" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ዕቃው እንዲህ ጠቁሮ ይዩት? ሰው የሌለው ይመስላል። ልጄን አላህ ይማረው፣ ንብረቱ እንኳ ያብራለት።"

አቁሙ ልላቸው ፈልጌ ነበር። እጃቸውን ልስመውም ፈልጌ ነበር። ሁለቱ ባንድ ጊዜ መጡብኝና የትኛውንም አላደረግኩም። መነጽሩን አስቀመጡና የኮምፓሱን ክዳን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሎሚውን ያዙ።

"እማማ፣ እሱን ይተዉት።"

"ከሁሉ የባሰው እኮ ይሄ ነው። አታየውም? ጣት አለበት።"

"የኔ ጣት ነው።"

አሁን ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። "የኔ አይደለም ብለህ ስትከራከረው አልነበር? ከትናንት ወዲያ?"

"የኔ ነው እማማ። የነካው ሰው ነው የሚያጠራው። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ እሱ ነው ያወጣው።"

ትንሽ አዩኝ። ሎሚውን ሳህኑ ላይ መለሱ። ክዳኑን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው፣ በእጃቸው ሳይነኩ፣ አቀበሉኝ።

"እንግዲያው ወስደህ አጥራ" አሉ። ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው እስከዛሬ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ዕቃዎች አልነኩም። ሳህናቸውን ይዘው ወደ ሴቶቹ ገቡ።

ኮምፓሱንም አንስቼ ወደ ባዶዋ ክፍል ገባሁ። የማህተሙ ቀለም ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከፍቼ አውራ ጣቴን ነክሬ ወረቀት ላይ ባትም ይለይልኛል። የኔ ካልሆነ የሱ ነው፤ ሌላ ሰው ክዳኑን አይነካም። ሳጥኑ ላይ ጣቴን አድርጌ ቆየሁ። የኔ ሆኖ ቢገኝስ? ለእማማ የኔ ነው ብያለሁ፤ እንዲሆን ግን አልፈለግኩም። አልከፈትኩትም። መሳቢያው ውስጥ፣ መፋቂያዎቹ አጠገብ አስገባሁት።

መሳቢያው ውስጥ የእሱን ጓንት አገኘሁ። አደረግኩት። የቀኙ አውራ ጣት ላይ በነጭ ክር የተሰፋ ቦታ አለ። ቀዳዳው ነው። መቼ እንደሰፋው አላውቅም። ለእኔ አልነገረኝም። እሑድ ስለ ቀዳዳው ስነግረው ያኔ ተሰፍቶ ነበር? ወይስ እኔ ካወራሁት በኋላ ሰፋው? ብዙ ጊዜ አገላበጥኩት፤ ክር ክር ነው፣ አይናገርም።

ሰሙን አወጣሁ። ሰም ከመቀባቱ በፊት ናሱ መጥራት አለበት፤ ቆሻሻ ላይ ከተቀባ ቆሻሻው እዚያው ታሽጎ ይቀራል፣ እንዲህ የሚሠራ ሰው ዕቃ አይንካ ይል ነበር። እኔ ጥጡን አላነሳሁም። ትንሽ ሰም በጨርቅ ይዤ አሻራው ላይ ቀባሁ፤ ከመሐል ወደ ዳር፣ ስስ አድርጌ፣ እንዳሳየኝ። ከዚያ ዙሪያውን ቀባሁ። ክዳኑን ኮምፓሱ ላይ ገጠምኩት፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት፣ መኝታ ቤት ወስጄ ከእሱ ልብሶች መካከል ሸሸግኩት።

ውጭ ጩኸቱ ባንድ ጊዜ ከፍ አለ። አንድ ሰው በሩን መታና "ና፣ አስከሬኑ ደርሷል" አለኝ። ወጣሁ። ሰዎች እጄን እየያዙ እግዜር ያጥናህ ይሉኛል፤ እጄን ይዘው ደግሞ ወደ እጄ ያያሉ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ጓንቱን አላወለቅኩም ነበር።