የወንድሜ ዋስ

ወንድሜና እኔ ሰበታ ተወልደን በአንድ ዓመት እጩ መምህር የሆንን ነን። በማርክ እበልጠው ነበር፤ ለባሕር ማዶው የመምህራን ልውውጥ የተመረጠው ግን እሱ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን እንዴት ትሄዳለች ተባለ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እናታችን ግን እሱንም ቢሆን አልሰጥም አለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ በቤቱ የቀረው ወንድ እሱ ብቻ ነበር። ከማሠልጠኛው የመጡት ኃላፊ ጉዞው ለአንድ ወሰነ ትምህርት ብቻ እንደሆነ ቢያስረዷትም አልሰማችም።

«ለዘበኝነት የሚቀጠር ሰው እንኳ ዋስ ይጠራል» አለቻቸው። «ለልጄ ዋሱ ማነው?»

«እሜቴ፣ ልውውጥ እኮ ነው። የእነሱም እጩ መምህር እዚህ መጥቶ ያስተምራል።»

እናቴ ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው እኔ ቤት ይቀመጣል» አለች። ኃላፊው ማረፊያ ፍለጋው ስለቀረላቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ወንድሜ በሄደ ማግስት ፈረንጁ መጣ። ረጅም፣ ቀይ፣ ሳቂታ። እናቴ ዙሪያውን ዞራ አየችውና ፊቷ ጠቆረ። «እኔ የሰጠኋቸው ልጅ እንዲህ የከሳ ነው? ይሄማ አይመጣጠንም!» ከዚያን ቀን ጀምሮ ማመጣጠኑን ተያያዘችው። ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ማታ ጭኮ። ብዙም ሳይቆይ ቀበቶው አልደርስ አለው።

ጎረቤታችን የነበሩት አዛውንት ገበሬ ደግሞ ጠባቂው ሆነው ተሾሙ። ጠመንጃቸውን አንግበው ትምህርት ቤት ያደርሱትና ከመጨረሻው ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ተማሪው ሲንጫጫ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሊገመግመን የመጣው ተቆጣጣሪ ፈረንጁን ክፍል በመያዝ ችሎታው አድንቆ ከፍተኛ ማርክ ሰጠው። ከጎኑ ባለው ክፍል ያለ ጠመንጃ ስጮኽ የዋልኩት እኔ ዝቅተኛውን አገኘሁ።

«በእኔ አገር መምህር እንዲህ አይከበርም» ይለኝ ነበር ፈረንጁ። ዋስ መሆኑን አልነገርኩትም። ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

ወጨጫ ተራራ ላይ ልውጣ ሲል እናቴ ከለከለችው። «ልጄ እዚያ አገር ገደል ለገደል ቢሄድስ?» ቡራዩን ለማየት እንኳ በሽማግሌዎች ታጅቦ ነው የሄደው። ሲያስለው ጋቢ ትደራርብበታለች፤ እሱ ከሞቀው ወንድሜ በዚያ በረዶ አገር የማይበርደው ይመስላት ነበር። መጀመሪያ እስቅባት ነበር። እየቆየ ግን እኔም ፈረንጁ በደንብ በበላ ቀን ልቤ ቀለል ይለኝ ጀመር።

ወሰነ ትምህርቱ አለቀ። ፈረንጁ ከመሄዱ አንድ ቀን ቀድሞ ወንድሜ ይገባል ተብሎ ነበር፤ አልገባም። በማግስቱ ፈረንጁ ሻንጣውን ዘግቶ ጫማውን ቢፈልግ የለም። ሰበታ ውስጥ ደግሞ ለእሱ እግር የሚሆን ሌላ ጫማ አይገኝም።

«እማዬ፣ ጫማውን አምጪ!»

«ልጄን ያምጡልኝ።»

«የመጨረሻ ፈተና አለበት። አውሮፕላኑ ካመለጠው መምህር አይሆንም!»

«ልጄ ካልመጣ እኔስ ምን እሆናለሁ?»

አዛውንቱ ጠመንጃቸውን ታቅፈው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። «ኢልማ ኮ፣ ታኢ፤ ቁጭ በል ልጄ» አሉት በትሕትና።

ያኔ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነገርኩት፤ ዋስነቱን፣ ገንፎውን፣ ጠመንጃውን። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ ለእናቴ ሰጣትና በባዶ እግሩ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድምሽ እስኪመጣ እቆያለሁ በያት» አለኝ።

ነገርኳት። እናቴ ኮቱን እንደታቀፈች እግሮቹን ስታይ ቆየች። ከዚያ ጓዳ ገባችና ጫማዎቹን ከጎታው ውስጥ አወጣቻቸው። ጤፍ ሞልቷቸው ነበር።

«ሂድ» አለችው ጤፉን እያራገፈች። «አንተም እናት አለህ።» ጎንበስ ብላ ራሷ በእግሩ አደረገችለት። ማሰር ስላልቻለችበት እኔ አሰርኩለት፤ እያለቀስኩ ስለነበር ማሰሪያው ተወሳሰበብኝ። አዛውንቱ አውቶብሱ ድረስ ሸኙትና ቀጥ ብለው ቆመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡት።

ወንድሜ ያንኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ከተፍ አለ። አውሮፕላኑን ጉም ይዞት ኖሯል። ከስቷል። እናቴ አገላብጣ ሳመችው፣ አለቀሰች፣ ወዲያውም ገንፎ አቀረበችለት። እየበላ ስለ ትምህርት ቤቱ ሲያወራ ቆየና፣ «በጣም ወደውኛል፤ ለከርሞም ተመለስ ብለውኛል» አለ። እናቴ ገንፎው ላይ ቅቤ ጨመረችለት።

ጠዋት ወንድሜ ጫማዬ የት ገባ እያለ ቤቱን አመሰው። አልጋ ሥር ገባ፣ ጎረቤት ጠየቀ፣ ውሻውን ረገመ። የት እንዳለ አውቅ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም።